ምግብ የሚሠራው ሰው አብሮ ይምጣ

ትናንት ጎረቤታችን ሬዲዮ፣ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ ለባለሱቁ ምን ስትለው ሰማሁ መሰላችሁ? «ያቺ ሾፌሯ እኮ ጨጓራዋን አውጥተው ሊጥሉት ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በቱቦ ነው የምትበላው!» እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ገብቼ ልክ ልኳን ልነግራት ነበር፣ ግን ወሬው ጣፈጠኝና ትንሽ ቆየሁ።

ሾፌሯ የልጅ ልጄ ናት። የከተማ አውቶቡስ ነው የምትነዳው። ሆዷ መሪው ላይ ያርፋል፣ ጉልበቷ ያብጣል፣ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች። ሐኪሞቹ «ጨጓራሽን እናሳንሰዋለን እንጂ አናወጣውም፤ ልብሽ ሸክሙን አልቻለም» ብለዋታል። ግን ቢላው ጋ እስክትደርስ ያለው ቀጠሮ! የደም አለ፣ የልብ አለ፣ የእንቅልፍም አለ። ለልቡ ምርመራ አብሬያት ሄጄ፣ የወንበሩ እጅ መደገፊያ ጎንና ጎኗን ይዞ አልለቅም ብሎ ስንታገል ዋልን። ወፍራም ለሚያክሙበት ቤት ጠባብ ወንበር ማን ገዛ? የአእምሮ ሐኪሙ ደሞ «ለምንድን ነው የምትበዪው?» ብሎ ጠየቃት አሉ። «ይሄን ለመጠየቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው?» ስላት ሳቀች።

«እማማ፣ መልሱ ግን ጠፋኝ» አለችኝ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ የገዛ ልጄ ናት፣ እናቷ። የደም ምርመራው በባዶ ሆድ ነው ተብሎ ሳለ፣ በጠዋት ተነስታ ወተት በማር አሙቃ በር ላይ ጠበቀቻት። «በባዶ ሆድሽ ደም ቀድተውሽ ልትወድቂ ነው? ጠጪ! ወተት ምን ምግብ ነው?» ልጅቷ የእናቷን ፊት አይታ ጠጣች። እዚያ ስትደርስ ነርሷ «የቀመስሽው ነገር አለ?» ብትላት እውነቱን ተናገረች፤ መልሰው ሰደዷት። ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ወረፋ፣ ፈቃድ ስትጠይቅ ደሞ ሌላ የአለቃ ግልምጫ።

አሁን የቀረችው የሐኪም ቤቱ የምግብ ባለሙያ ናት። እሷ እሺ ካላለች ቀዶ ጥገናው የለም፤ ተራዋ ለሌላ ሰው ይሰጥና ሁሉንም እንደ አዲስ ትጀምራለች። ባለሙያዋ ደሞ «ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ሰው አብሮሽ ይምጣ» አለች። የምትሠራው እናቷ ናት። እኔን ጨው አብዝተሻል ብለው ከምድጃው ካባረሩኝ ቆይተዋል።

ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። ዛሬ ከሰዓት ሳሎን ተሰብስበን ሳለን፣ ልጄ እጇን አጣምራ «አልሄድም!» አለች። «እዚያ አስቀምጠው በዘይትሽ ገደልሻት ሊሉኝ ነው?»

«እማዬ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ምን እንደምትሠሪልኝ ሊያሳዩሽ እኮ ነው።»

«ከልጅነትሽ ጀምሬ ያበላሁሽን እኔን ነው ዛሬ ሰው የሚያሳየኝ?»

ወንዱ ልጄ፣ አጎቷ፣ የራሱን ሆድ ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ዝም ብለሽ ለምን አትሮጪም?» አላት።

«አንተ ቅደምና ሩጥ፣ እሷ ትከተልሃለች» አልኩት።

ሬዲዮም መጥታለች፤ ማን ጠራት እንዳትሉኝ። «የአክስቴ ልጅ ጎረቤት ይሄንኑ ተሠርታ ጸጉሯ ረገፈ» አለች።

«ትናንት ቱቦ አልነበር እንዴ?» አልኳት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «በቃ ተዉት። ነገ ደውዬ እሰርዘዋለሁ» አለች። እንዳትሰርዢ ብላት ማን ይሰማኛል፣ ሁሉም እኩል ነው የሚያወራው።

የልጅቷ ጓደኛ ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የልጅቷን ዩኒፎርም ጎኑን ፈትታ እያሰፋችው ነበር። በጥርሷ የያዘችውን መርፌ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካችው።

ልጄ ገና አልበቃትም። «እኔ ምን አጠፋሁ? ልጇን አበላች ተብላ የምትከሰስ እናት የት አለች?»

«ማንም አልከሰሰዎትም፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ይቺ ልጅ አንድ ቀን መሪ እንደያዘች ልቧ ቀጥ ቢል፣ ከሬሳዋ ኋላ ለመሄድ እዚህ ካለነው አንድ ሰው አይቀርም። ነገ በእግሯ ስትሄድ ነው አብሯት የሚሄድ የጠፋው?»

ልጄ ያጣመረችውን እጇን ፈትታ ወደ ልጇ ዞረችና «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለቻት።