ሁለተኛው ሽኝት

ዝም ያለ ሰው ዋሽቷል ይባላል ወይስ አይባልም፣ ከልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ክፍል ጀምሮ ይዛው የምትዞረው ጥያቄ ነው፣ ያኔ እጇን አውጥታ ልትጠይቅ ብላ አፈረች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ አገር አይታ ተመልሳም አልጠየቀችውም፣ አሁን ደግሞ ጊዜ የለም፣ ዝናቡ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፣ መዘምራኑ ከዝናቡ በላይ ለመሰማት ይጮኻሉ፣ ሔርሜላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ ጨብጣለች፣ ይህ መዝሙር ሲያልቅ መሪ ሽማግሌው ጋሽ ባልቻ ይጠሯታል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ይጭኑባታል። ጉባኤው ቆሞ ይጸልያል፣ ጌታ ሆይ እህታችንን ወደ ጣሊያን በሰላም አድርሳት። ለሁለተኛ ጊዜ።

ጣሊያን ግን አትሄድም።

ቪዛ የለም፣ ትኬት የለም፣ የጠራት ትምህርት ቤት የለም፣ በነጻ ዕድል የሄደችበት የክረምት የጣልያንኛ ኮርስ አራት ሳምንት ነበር፣ አለቀ፣ ተመለሰች፣ በቃ። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እናቷ ማሚቱ ታውቃለች፣ ወንድሟ ኢዮስያስ ያውቃል፣ እግዚአብሔርም ያውቃል፣ አሁን ግን ሊነገረው የተዘጋጀው ሌላ ነው፣ ያውም በማይክ።

የመጀመሪያው ሽኝት እውነተኛ ነበር። እውነተኛ ነበር ወይ? አራት ሳምንት ነው ብላ ነበር፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ማን ይሰማታል፣ ሴቶቹ እያቀፏት አለቀሱ፣ እንዳትረሺን ልጄ፣ እንዳትረሺን፣ ገና የሐዋሳ አውቶቡስ ላይ ሳትወጣ አልጋዋ ወደ ኢዮስያስ ክፍል ተዛውሯል፣ ለዲላ ሰው አራት ሳምንት ማለት በር ማለት ነው፣ በበር የወጣ ደግሞ ወጣ። ስትመለስ መናኸሪያ ላይ የሰፈራቸው ባጃጅ ነጂ ሳዳም ሻንጣዋን አይቶ ክው አለ፣ ውይ ሔርሜላ፣ ዲፖርት አረጉሽ እንዴ? ኧረ ኮርሱ አልቆ ነው። እሺ እሺ፣ አይዞሽ፣ ለኔ እንኳን እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ወሬ አላወጣም። እውነቱ እሱ ነው ሳዳም። መንገዱን ሁሉ በመስታወቱ እያያት ራሱን ነቀነቀ፣ ቤታቸው በር ላይ ሲያወርዳት ሒሳብ አልቀበልም አለ፣ ከሐዘንተኛ እንደማይቀበል ሰው።

እናቷ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ሻንጣውን ነው። ከዚያ ከልጇ ትከሻ በላይ አሻግራ አየች፣ ከኋላ የሚመጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል፣ የምትጠብቃት ሔርሜላ ገና ከባጃጁ ያልወረደች ይመስል።

ማታ ጎረቤቶቹ መጡ። ለምን ተመለሰች ብሎ የጠየቀ የለም፣ የሁሉም ዓይን ብቻ ነበር የሚጠይቀው፣ እሷ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ቀደመች፣ ለዕረፍት ነው የመጣችው፣ በመስከረም ትሄዳለች፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። እሰይ፣ ጌታ ይባረክ! ሔርሜላ የሻይ ብርጭቆዋን አየች፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ቅጠል አየች። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ የእናቷ ወሬ ሲያድግ ዝም፣ ማደሪያ ተሰጣት ሲባል ዝም፣ መምህሮቿ በጣም ወደዷት ሲባል ዝም፣ እሱ እንኳ ትንሽ እውነት አለው።

ዶናቴላ ትወዳት ነበር። ፔሩጃ፣ ዳገት ላይ የተቀመጠ ከተማ፣ መስኮቱ ክፍት የሆነ ክፍል፣ ትልቅ መነጽር ያደረገች አስተማሪ፣ መጀመሪያ ቀን የምታውቁትን የጣልያንኛ ቃል በሙሉ ተናገሩ ስትል ሔርሜላ የምታውቀው የአባቷን ጋራዥ ነበር፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ አባቷ በሕይወት ሳለ መኪና ሥር ተኝቶ እቃ አቀብዪኝ ሲል የለቀመቻቸው፣ ዶናቴላ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፣ አንቺ የመጣሽው መኪና ልትጠግኚ ነው እንዴ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ ሔርሜላም ሳቀች፣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን። ከሰው ፊት። አባቷ ቢያያት።

እዚያ ይቀላል። ለምን እንደሚቀል ለብዙ ቀን ስታስበው ከርማ ነው የገባት፣ በአማርኛ ቃል ሞልቷታል፣ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ ነው ያደገችው፣ ስለዚህ መደበቂያ አታጣም፣ እስቲ እናያለን፣ እናንተ እንዳላችሁ፣ እንደ ጌታ ፈቃድ፣ ምን ችግር አለው፣ እንዲህ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ፊት ዞር ትላለች። በጣልያንኛ መደበቂያውን ገና አልተማረችም። ያላት ጥቂት ቃል ነው፣ ጥቂት ቃል ደግሞ ራቁት ነው፣ ይርበኛል፣ ይበርደኛል፣ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ዶናቴላ ተራ በተራ ጠየቀች፣ ከዚህ ወዴት? አገሬ እመለሳለሁ። ፔርኬ? ለምን? ምን ትበል፣ ሮም ያለች አንዲት አበሻ ሴትዮ በስልክ ቅሪ፣ ቤት አለ፣ አሮጊት ትጠብቂያለሽ፣ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል ብላታለች፣ እናቷ ያገኘሽውን በር እንዳትዘጊ ልጄ እያለች ትደውላለች፣ ይህን ሁሉ የምታስረዳበት ቃል የላትም። ፔርኬ ቮልዮ። ስለምፈልግ። ዶናቴላ ቤኔ፣ ጥሩ፣ ብላ ወደሚቀጥለው ተማሪ ዞረች።

ቤኔ። እንዲህ በቀላሉ።

የምትፈልገው ቡሌ ነው፣ ከዲላ በላይ ያለው ደጋ። ሰኔ ላይ የእንግሊዝኛ መምህር ሆና ተመድባለች፣ ርዕሰ መምህሩ ለመስከረም ድረሺ ብቻ ብለዋታል፣ አንድ ጊዜ ሄዳ አይታዋለች፣ ጉም ከእንሰቱ መሃል ይነሳል፣ ተማሪዎቹ በጭቃ መጥተው ደጃፍ ላይ እግራቸውን ሲጠርጉ አይታለች፣ እንደሷ የሚያፍሩ፣ መልሱን እያወቁ እጃቸውን የማያወጡ፣ ታውቃቸዋለች፣ ስማቸውን ሳትሰማ ታውቃቸዋለች። ቡሌ? አለች እናቷ። ለጭቃና ለብርድ ነው ያስተማርኩሽ? እማዬ፣ እኔ እኮ፤ ተይኝ ሔርሚ፣ ተይኝ።

ዕቅዱ የእናቷ ነው። ዛሬ ይጸለይልሻል፣ በሳምንቱ ማለዳ ገደብ ከተማ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ፣ ከቤት አትወጪም፣ ጌታ በር እስኪከፍት። እማዬ ገደብ እኮ ከዲላ ስንት ነጋዴ ይመላለሳል። ሻርፕሽን ትከናነቢያለሽ፣ ምን ችግር አለው? ኢዮስያስ እንጀራውን እንደጎረሰ በሳቅ ታነቀ፣ ሔርሚ፣ ቪዲዮ ስትደውዪ ከጀርባሽ የቡና ተክል እንዳይታይ ብቻ፣ ፈረንጅ አገር ቡና ጓሮ ውስጥ የለም፣ ትነቂያለሽ። ዝም በል አንተ! እናቷ በማማሰያው ልትመታው ተነሳች፣ ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ እናቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለቅሶዋ ነው የሚያስቸግረው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ገበያ ላይ ሳህንና ጣሳ እየሸጠች ሁለቱን አሳድጋለች፣ የሌሎቹ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ናቸው፣ ዓረብ አገር ናቸው፣ የሌሎቹ እናቶች በሴቶች ኅብረት ሲናገሩ ይደመጣሉ፣ እሷ ስትናገር ጠረጴዛ ይጸዳል፣ በመጀመሪያው ሽኝት ቀን ግን ማሚቱ ነዪ ብለው ፊት አስቀመጧት፣ ማይክ ሰጧት፣ ምን እንዳለች ለራሷም አልተሰማትም፣ ብቻ ሰው ሁሉ አሜን አለ። ያን ቀን ልትነጥቃት ነው። ዛሬ አፏን ከከፈተች ያን ቀን ከእናቷ ላይ ትነጥቃለች፣ ካልከፈተች ደግሞ ገደብ፣ የአክስቷ ጓዳ፣ ሻርፕ፣ ክፍሏ ባዶ የሆነ የቡሌ ትምህርት ቤት፣ ከዚያስ፣ እስከ መቼ?

መዝሙሩ አለቀ።

እህታችን ሔርሜላ! ጋሽ ባልቻ ማይኩን ይነፉታል፣ ፉ፣ ፉ፣ ይሰማል? እህታችን ልትሄድብን ነው፣ እንግዲህ በጣልያንኛ ብትጸልይም አትስጉ፣ ጌታ ቋንቋ አይቸግረውም! ሳቅ። ነዪ ልጄ፣ ነዪ። የእናቷ ክርን ጎኗን ነካ። ተነሺ። ጆሮዋ ላይ ትንፋሽ፣ ምንም መናገር የለብሽም፣ አሜን በይ ብቻ።

አሜን በይ ብቻ።

ትሄዳለች፣ እግሯ ይሄዳል፣ አሜን፣ እስከ ዛሬ ዝም ነው ያለችው፣ አሜን ግን ቃል ነው፣ ከሷ አፍ የሚወጣ፣ ለእግዚአብሔር የሚነገር፣ መድረኩ ላይ ትወጣለች፣ የሰው ፊት፣ የሰው ፊት፣ ሁሉም የሚወዳት፣ ያ ነው የከፋው፣ ከልባቸው ነው የሚጸልዩት፣ ጋሽ ባልቻ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ትልቅ እጅ፣ የገበሬ እጅ፣ ወደ ራሷ እየወረደ ነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጌታ ሆይ፣

ጋሽ ባልቻ፣ ይቆዩኝ።

ማን ተናገረ? ዓይናቸውን ገለጡ። ምነው ልጄ፣ አመመሽ? አላመመኝም። ማይኩን ይስጡኝ። ማይኩ ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል፣ ቃል ፈለገች፣ በአማርኛ ያለው ቃል ሁሉ መጣ፣ እንግዲህ፣ እንደሚታወቀው፣ በጌታ ፈቃድ፣ ሁሉንም አሳለፈችው። ትንሹን ያዘች።

ጣሊያን አልሄድም። ኮርሱ አልቋል። ማንም አላባረረኝም። የተመለስኩት ፈልጌ ነው።

እናቷ መሬት ታያለች፣ ከሷ ወዲያ የተቀመጡት ሴቶች ወደ እናቷ መዞር ጀምረዋል፣ አንድ በአንድ፣ ሻርፖቻቸው ይዞራሉ፣ ቶሎ፣ ቶሎ ተናገሪ፣ ብቻዋን አትተያት።

የምሄደው ቡሌ ነው፣ ላስተምር። ለሱ ጸልዩልኝ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ፣ በገበያ፣ በፀሐይ፣ እሷ እጇን ሳትጭንብኝ አልሄድም። እማዬ፣ ነዪ።

እናቷ አልተነሳችም። ጋሽ ባልቻ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ነው፣ ለአሁኑ ይበቃል ልጄ፣ ውረጂ፣ በኋላ እንነጋገራለን፣ ይሏታል በሹክሹክታ፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ማይኩን አትመልስም፣ አታለቅስም፣ እናቷ ተነስታ እስክትመጣ ድረስ፣ ቢመሽም፣ ከዚህ አትወርድም።