መክፈቻ የሌላት ወጥመድ

በፓርኩ በር አጠገብ ያለውን የተፈጥሮ ማዕከል የሚያስጎበኘው ሰው፣ ስለ ወፉም ስለ ነብሩም ሲያወራ ተጫዋች ነው። የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ያለችው የብረት ወጥመድ ዘንድ ሲደርስ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ወንድሙን የበላችው እሷ ናት። ሁለቱም የፓርኩ ጠባቂዎች ሳሉ ታናሽየው ሣር ውስጥ ረገጣት፤ መንጋጋዋ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገጠመ። ታላቅየው ጥፍሩ እስኪነቀል ታገላት፤ እሷ ወይ ፍንክች። ፓርኩን የያዘው የሰደድ እሳት ሲቀርብ የወንድሙን እግር በመጥረቢያ ቆርጦ፣ ተሸክሞት ሮጠ። መኪናው ጋ ሳይደርሱ ደሙ አለቀ። ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ይህን እያለ ነው እንቅልፍ የሚወስደው።

ያን ቀን ከጎብኚዎቹ መካከል አንድ በያጅ ነበረ፤ ሚስቱን አስከትሎ ያየውን ሁሉ የሚነካካ ወሬኛ።

«ይህች መክፈቻ የላትም» አለ አስጎብኚው እንደ ልማዱ። «የሠራት ደንቆሮ ራሱም አይከፍታትም።»

በያጁን ከነከነው። ሰው በእጅ ሥራው ሲሰደብ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ኧረ ተው ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ መክፈቻ ይሠራል?» አለና ከስፕሪንጉ ሥር ያለችውን ትንሽ ብረት በአውራ ጣቱ ገፋት። መንጋጋው ተከፈተ። «እኔ ስሠራት እኮ...»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በያጁ ቃሉን ሳይጨርስ ደነገጠ።

አስጎብኚው ማጅራቱን ጨምድዶ ጠረጴዛው ላይ ደፋውና እጁን መንጋጋው መሃል ከተተው። አጥንቱ ሲሰበር ትኬት ቆራጯ ከመስኮቷ ሰማች። ሚስቲቱ በቦርሳዋ የአስጎብኚውን ጭንቅላት ቀጠቀጠችው፤ ጆሮው ደማ፤ አልለቀቀም።

«ለማን ሠራሃት?»

«ለአዳኞች! ለድኩላ ነው ያሉኝ። በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ልቀቀኝ!»

«እንዴት ልልቀቅህ? ንገረኝ።»

«በአውራ ጣትህ... ከሥር... ወደ ውስጥ ግፋ።»

እንዲያመው ብሎ ቀስ አድርጎ ገፋ። ብረቷ ግን ገና ስትነካ ሸሸች፤ መንጋጋው ተላቀቀ። በያጁ እጁን አቅፎ እየጮኸ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አስጎብኚው ዞር ብሎም አላየው። ወጥመዷን ዘጋት፤ ከፈታት። ደግሞ ዘጋት፤ ከፈታት።

ጥበቃዎቹ ሮጠው ደርሰው ክንዱን ወደ ኋላ ሲጠመዝዙት አልታገለም።

«እግሩን የቆረጥኩት እኮ እኔ ነኝ» አላቸው።