በሁለቱ ቀርከሃዎች መካከል

የሮሰንዳ ግራ እግር ከቀኟ በሁለት ጣት ያጥራል። ጫማዋ ውስጥ ከተረከዟ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ስለምታደርግ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው አያውቅባትም፤ በባዶ እግሯ ስትሆን ግን ታነክሳለች። የቀርከሃው ጭፈራ ቲኒክሊንግ ደግሞ በባዶ እግር ነው የሚጨፈረው። ስለዚህ የመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የእሷ ቦታ መሬት ላይ ነው። በረጃጅሞቹ ቀርከሃዎች አንደኛው ጫፍ ቁጢጥ ትላለች፤ በሌላኛው ጫፍ ሽማግሌው ዓሣ አስጋሪ ማኖ ቴሮይ ይቀመጣል። ሁለቴ ከፍተው መሬት ላይ ከተጋደመው ግንድ ጋር ያጋጯቸዋል፤ በሦስተኛው ሁለቱን ቀርከሃዎች እርስ በርስ ይገጥማሉ። ጨፋሪው ሲከፈት ይገባል፣ ሲዘጋ ይወጣል። በፊሊፒንሷ ሌይቴ ደሴት ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

ከዚያ በፊት ጨፋሪዋ ሮሰንዳ ነበረች፤ ቀርከሃውን የምትይዘው የጎረቤት ልጅ ቪሲታ ነበረች፣ በሁለት ዓመት የምታንሳት። ለትልቁ ከተማ ቡድን አንዲት ልጅ በሚመረጥበት ቀን፣ ሙዚቃው ሊጀምር ሲል፣ ቪሲታ ካጎነበሰችበት ቀና ብላ፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርታ፣ «አትፍሪ ማና፣ ቀርከሃው ያለው እኔ እጅ ነው» አለቻት። ዜማው ሲፈጥን ቀርከሃው በሁለተኛው ምት፣ ክፍት መሆን ሲገባው፣ ተዘጋ። አጥንቷ ሲሰበር ድምፁ ከጭብጨባው ጋር ስለተመሳሰለ የሰማው አልነበረም። ሁሉም አደጋ ነው አለ። እግሯ ተጣሞና አጥሮ ዳነ። ተመርጣ የሄደችው ቪሲታ ሆነች፤ ስትመለስም የመንደሩ የጭፈራ አስተማሪ ተባለች።

ሮሰንዳ ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች? ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የቪሲታ ዓይን ያረፈው ቀርከሃው ላይ አልነበረም፤ የሮሰንዳ ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር።

ዘንድሮ የቪሲታ ቀርከሃ መቺ ሥራ አግኝቶ ወደ ሴቡ ሄደ። የእናቶች ውድድር ደርሷል፤ አሸናፊው ቡድን ታክሎባን ከተማ ሄዶ በክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ፊት ይጨፍራል። ቪሲታ ለጎረቤቱ ሁሉ የመጨረሻዬ ነው፣ ከዚህ በኋላ ጉልበቴ አይችልም እያለች ነበር። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ኬክ ይዛ ሮሰንዳ በር ላይ ቆመች። ማኖ ቴሮይ ደጁ ላይ ጥላ ሥር መረቡን እየጠገነ ነበር።

«የዚህች ልጅ ኬክ የሚጣፍጠው ስትቸገር ብቻ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

ቪሲታ እንዳልሰማች ሆነች። ካንቺ የተሻለ መቺ ደሴቱ ላይ የለም ብላ ለመነቻት፤ የድሮውን ነገር እግዜር ያውቃል፣ ልጆች ነበርን አለች። ሮሰንዳ ኬኩን ተቀብላ እሺ አለች። እሺታዋ እንዲህ ፈጥኖ በመምጣቱ ማኖ ቴሮይ መርፌውን አቁሞ አያት።

ቀርከሃዎቹን ራሷ መረጠች። ቪሲታ የለመደችውን ቀጭኑን ትታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ የበሰለ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነውን አስቆረጠች። ቪሲታ ከብዷል ስትላት ድምፁ እንዲሰማ ነው ብላ መለሰችላት። ቪሲታ በሌለችበት አንድ ቀን፣ ማኖ ቴሮይን ይዛ፣ በሁለቱ ቀርከሃዎች መካከል የሸንኮራ አገዳ አቆመች። በሁለተኛው ምት ላይ ዘጋችው። አገዳው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሮሰንዳ አነሳችው፣ ላጠችው፣ ቁጭ ብላ መጠጠችው።

«በእግዜር፣ አታድርጊው» አላት ሽማግሌው።

«ያንተን ጫፍ ያዝ፣ ማኖ» አለችው።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። በመጨረሻው ዙር፣ ዜማው ከሁሉ በላይ በሚፈጥንበት፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ምት ቀድማ ትዘጋለች። ይህንንም አደጋ ይሉታል። በልምምዱ ግን አንድም ምት አላዛነፈችም፤ ቪሲታ እስክትዝናና፣ እየጨፈረች እስክታንጎራጉር ድረስ።

የበዓሉ ቀን አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ቪሲታ ከባሏ ጋር በባዶ እግሯ ወጣች፣ ራሷን ቀና አድርጋ። የዚህ ጭፈራ ደንቡ እሱ ነው፤ ጭፈራው የሚያስመስለው የሩዝ ማሳ ወፍ ወጥመዱን ሳያይ እንደሚሻገር፣ ጨፋሪ ወደ እግሩ አያይም። ያየ ነጥብ ይቀነስበታል። ጊታር መሰሎቹ ባንዱሪያዎች ሊጀምሩ ሲሉ ሮሰንዳ ካጎነበሰችበት ቀና አለች።

«አትፍሪ ኢንዳይ» አለቻት በቀስታ፣ እንደ ታናሽ እህት ጠርታ፣ «ቀርከሃው ያለው እኔ እጅ ነው።»

የቪሲታ ፊት አመድ መሰለ። ዜማው ግን ተጀምሯል፣ ባሏም እጇን ይዟል። የመጀመሪያውን ዙር በልማድ ተሻገረችው። በሁለተኛው ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፤ ቀርከሃውን ትታ የሮሰንዳን እጅ ታይ ጀመር። ሮሰንዳም ይህን አየች። የምትዘጋበት ምት ገና አልደረሰም፤ አሁን ደግሞ እንደማያስፈልጋት ገባት። ከፈተች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። እንደ ሰዓት። ዜማው ሲፈጥን ቪሲታ ክፍት ሲሆን ቆመች፣ ሲዘጋ ልትገባ ቃጣች፣ ከዚያ ወደ ውጭ ዘልላ እዚያው ደርቃ ቀረች።

ሙዚቃ ሳያበቃ ቀርከሃ አይቆምም። ባሏ ብቻውን ሞክሮ ተወው። ሮሰንዳና ማኖ ቴሮይ በባዶው ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው መቱ፤ አደባባዩም እስከ መጨረሻው አየ።

«ልትዘጊብኝ ነበር!» አለች ቪሲታ፣ ባንዱሪያዎቹ ዝም እንዳሉ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ሮሰንዳ ቀርከሃውን አስቀምጣ ቀስ ብላ ተነሳች። «ቀርከሃ በስህተት ብቻ ሳይሆን ሆን ተብሎም እንደሚዘጋ ማን ነገረሽ?»

ከፊት የተቀመጡት አሮጊቶች መጀመሪያ ቪሲታን አዩ፤ ቀጥሎ የሮሰንዳን ግራ እግር። አንዷ አማተበች። ቪሲታ መታችኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። የጤና ጣቢያው ነርስ ከሕዝቡ መካከል ተጠርታ መጣችና ተንበርክካ ቆዳውን አየች፤ ጭረት እንኳ አልነበረም። ሜትር አውጥታ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ዙሪያቸውን ለካች። እኩል ነበሩ።