የአማች ጉርሻ

ዘአማኑኤል ማሳል ሲጀምር የቱሉ ዲምቱ ጎረቤት ሁሉ ቤት መግባቱን ያውቃል። የሰው ሞባይል እየጠገንኩ የራሴን ደረት መጠገን ያቃተኝ ባለሙያ ነኝ እያለ በራሱ ያላግጣል። ከተወለደ ጀምሮ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ አለበት፤ ሳንባው ውስጥ አክታው እንደ ተልባ ይወፍራል። የበሽታው ስም እስኪታወቅ ድረስ የቲቢ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ውጦ ጨርሷል። “ካልያዘኝ በሽታ ሁለቴ ድኛለሁ” ይላል። ሌላውን ሰው አስነጥሶ የሚያልፍ ጉንፋን እሱን ሆስፒታል ያስተኛዋል፤ ባለፈው ክረምት የያዘውማ ሊገድለው ምንም አልቀረውም።

የእጮኛው የናፍቆት አባት “ልጁን ልየው” ብለው ምሳ የጠሩት ታዲያ በጉንፋናቸው ሰሞን ነው።

“አባባ ክፉኛ አሟቸዋል፤ ለሌላ ቀን ይሁን ልበላቸው?” አለችው ናፍቆት በስልክ።

“ኧረ በፍጹም! ገና ሳያዩኝ ቀረ ሊሉኝ?”

“እንግዲያው አንተው ንገራቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።”

አቃቂ እስኪደርስ ንግግሩን ታክሲ ውስጥ ሲያጠና ነበር። ማስኩን ግን በሩ ላይ አውልቆ ኪሱ ከተተው፤ ከአዲሱ ከረባት ጋር አይሄድም ብሎ። ሰው ሳንባው እያለ ለከረባቱ ይጨነቃል?

አቶ ወልደገብርኤል ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ናፍቆትን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ጋቢ ተከናንበው፣ ንፋስ እንዳይመታቸው መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ጠበቁት። ጉንጫቸውን ሲያስጠጉለት ደነገጠና ጉልበታቸው ላይ ተደፋ።

“ኧረ ተው ልጄ፣ ተነስ! ዛሬ ጉልበት የሚስም ወጣት አለ?” ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። “ጨዋ ነው ስትለኝ አላመንኳትም ነበር።”

ከቫይረስ ሸሽቶ ጨዋ ተባለ። አፈረ፤ ሙገሳው ግን ጣመውና ያጠናውን ንግግር ዋጠው።

የፈሩት ይደርሳል። ምሳው ቀርቦ መብላት እንደ ጀመሩ አቶ ወልደገብርኤል አፍንጫቸውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉና በዚያው እጅ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት። የአማች ጉርሻ እምቢ አይባልም። ቢጎርስ ሆስፒታል ነው፤ ባይጎርስ ናፍቆት የለችም። አፉን ከፈተ፤ ለመጉረስ ይሁን ለመናገር እሱም አላወቀም።

“ጋሼ፣ በሽተኛ ነኝ” አለ።

ያጠናው እንዲህ አልነበረም። ከጀመረ ወዲያ ግን ምንም አላስቀረም፤ ሳንባውን፣ የሚውጠውን መድኃኒት፣ ላቡ እንኳ ከሌላው ሰው ላብ የበለጠ ጨው እንዳለው ሳይቀር ተናገረ።

“ይተላለፋል?” አሉት።

“የእኔ ወደ እርስዎ አይተላለፍም። የእርስዎ ጉንፋን ግን እኔን ሊገድለኝ ይችላል። ጉልበትዎን የሳምኩትም ጉንጭዎን ፈርቼ ነው።”

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ፤ መረቁ ይንጠባጠባል።

“ጨዋ ነው አለችኝ እንጂ ጨው ነው አላለችኝም” አሉ። አልሳቁም ግን። ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?”

“ከመጀመሪያው ጀምሮ።”

“እያወቅሽ ይሁን አልሽ?”

“ይሁን አልኩ፣ አባባ።”

ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱትና አቀርቅረው ብዙ አኘኩ። ዘአማኑኤል ነገሩ እንዳበቃ ገባው። ተነስቶ ለመውጣት ኮቱን ፈለገ፤ ለካ ለብሶታል።

አቶ ወልደገብርኤል ወንበራቸውን እየጎተቱ ከማዕዱ ራቁና በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

“ተቀመጥ” አሉት። ከዚያም ልጃቸውን፣ “እጅሽን በደንብ ታጠቢና አንቺ አጉርሺው።”