አባዬን የፈለግንበት ማስታወቂያ

አባዬ ሐሙስ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ቀረ። ከዓመት ወዲህ መርሳት ጀምሮት ስለነበር እማዬ በሩን ቆልፋ ነበር የምትውለው። ያን ቀን ግን ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ዞር እንዳለች ሹልክ ብሎ ወጣ።

ማስታወቂያውን የምሠራው እኔ ሆንኩ። እንጀራዬ ነዋ! ለድረ ገጽና ለስልክ ስክሪን የሚሆን ዲዛይን እሠራለሁ፤ አስተምራለሁም። "ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ይኑር፤ ባዶ ቦታ አትፍሩ፤ ቀለም ቆጥቡ" እያልኩ የተማሪዎቼን ጆሮ አደነቁራለሁ።

ሹፌሩ ታላቅ ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ፣ "ቀይ አድርጊው። 'ጠፍቷል' የሚለውን በትልቁ ጻፊው" አለኝ።

"የሳሙና ማስታወቂያ ልታስመስለው ነው? እኔ እንዴት እንደምትነዳ ነግሬህ አውቃለሁ?"

የመኪናውን ቁልፍ ሊፈልግ ሄደ። እኔም በሙያዬማ አልነካም ብዬ ያማረ ነገር ሠራሁ። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። የአባዬ ፊት መሃል ላይ፣ ዙሪያው ባዶ፣ ከሥሩ ስሙ፤ መጥፋቱና ስልክ ቁጥራችን ደግሞ ከታች በቀጭን ግራጫ ፊደል። ከሰዓት በማኅበራዊ ገጾች ለቀቅኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አጋራው። ምን ይደበቃል፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ኮራሁ።

ከዚያ ከወንድሜ ጋር ፍለጋ ወጣን። ሰው የጻፈውን አስተያየት ያነበብኩት በማግስቱ፣ መንገድ ለመንገድ ስንፈልገው ነው። "ነፍስ ይማር።" "እግዜር ያጽናችሁ።" "ምነው፣ ምን አገኛቸው? ደግ ሰው ነበሩ።" ከመቶ በላይ ሰው አባዬን ቀብሮት አልፏል።

እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ፣ በቀይ፣ በትልቁ፣ ፎቶውንም ከነቀለሙ፣ ከነሰማያዊ ሹራቡ እንደገና ሠራሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። የአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ሻጭ ነበረች።

"እኚህ ሰውዬ ትናንት አመሻሹ ላይ እዚህ ነበሩ እኮ! ፎቷቸውን አይቼዋለሁ። ግን የሞተ ሰው ፎቶ መስሎኝ... መልክ ተመሳስሎብኝ ነው ብዬ ተውኩት።"

እየበረርን ደረስን፤ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ቦይ ውስጥ ሬሳውን አገኙት። ሁለቱንም ሌሊት ዝናብ ሲጥል ነበር ያደረው።

ወንድሜ ስለ ቀዩ ቀለም እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትኬት ሻጯ ለቅሶ ልትደርሰን መጣች። ገና ከመግባቷ እማዬ እግር ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ። ያን ጊዜውኑ ብደውል ኖሮ..."

"የኔ ነው" አልኩ። ሰው በተሞላው ሳሎን ውስጥ ቆሜ፣ ፎቶውን የሟች ያስመሰልኩት እኔ መሆኔን፣ ወንድሜ እየነገረኝ እምቢ ማለቴን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹ የተሰማ አይመስለኝም።

እማዬ ወደ እኔ አልዞረችም። የሴትየዋን እጅ ይዛ፣ "ርቦት ነበር?" ብላ ጠየቀቻት።

"ዳቦ ሰጠኋቸው፣ በሉ። ብርድ ነው፣ ይምጡ፣ ወደ ቤት የሚያደርስዎት ሰው ልፈልግልዎት ብላቸው ግን እምቢ አሉ። 'ልጄ ትመጣለች፤ ካጣችኝ ትደነግጣለች' አሉኝ።"

አባዬ ከእኔ ሌላ ሴት ልጅ የለውም።