በር ላይ የቀረው ጠጅ

የመኪና ውድድሩ ሜዳ ከቦሌ ቡልቡላ ወጣ ብሎ ነው። ቅዳሜ ድንኳን ጥለን እናድራለን፣ እሁድ እንወዳደራለን። የራስን መጠጥ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ጠርሙስ ግን ክልክል ስለሆነ የእናቴን ጠጅ በቢጫ ጀሪካን ይዤ መጣሁ።

በሩ ላይ ያሉት አዛውንት ጥበቃ ጀሪካኑን ሲያዩ፣ «ቤንዚን ወደ ድንኳን አይገባም» አሉኝ።

«ጠጅ ነው፣ ጋሼ። ያሽትቱት።»

«እዚህ መኪና ውስጥ ቤንዚን የማይሸት ምን አለ? ቀምሰሽ አሳዪኝ። ድሮም የሚቀዳው ሰው ነው ቀድሞ የሚቀምስ።»

እውነታቸውን ነው፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ነገ የምነዳው እኔ ነኝ፤ ውድድሩ ሳያልቅ አንዲት ጠብታ አልቀምስም። አጠገቤ የተቀመጠው መካኒኬ ኢዩኤል ደግሞ ጴንጤ ነው፣ አይጠጣም፤ ገና ሳላየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ወርጄ ጀሪካኑን ወንበራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

«እርስዎ ጋ ይደር። ነገ ከመኪናው ስወርድ መጥቼ ፊትዎ እቀምሰዋለሁ። ከዚያ ለእርስዎ እቀዳለሁ።»

«ብትሸነፊስ?»

«እናቴ ጠጁን ስትጥል እሱን አልጠየቀችኝም።»