ትርፍራፊ የሌለው ቤት

እና ትልቁን ነው የማወጣው፣ ታዲያ የቱን ላወጣ ኖሯል፣ ዛሬ ዋርሲኒ ትሄዳለች፣ ሚስቴ፣ ቀትር ላይ የኤጀንሲው መኪና መጥቶ ይወስዳታል፣ መጀመሪያ ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ታይዋን፣ ሦስት ዓመት፣ የሰው አገር አሮጊት ልታገላብጥ፣ ልታጥብ፣ እኔ ባል ተብዬው ደግሞ እዚህ ጓሮ ቁጢጥ ብዬ እጄን ባልዲ ውስጥ ከትቼ አምባዛ አሳድዳለሁ፣ ና አንተ፣ ና ወፍራሙ፣ ሙልጭ፣ አሁንም ሙልጭ። የስንብት ምሳ ነው። ባዶ ሩዝ አብልቼ አልሸኛትም፣ እዚህ ድረስስ አልወርድም።

ከባልዲዎቹ ሁሉ የወፈረው ይሄ ሰማያዊው ውስጥ ያለው ብቻ ነው፣ የወጥ ቤቱ ደፍ አጠገብ ያለው፣ በሌሎቹ ውስጥ ያሉት ጭንቅላት ብቻ ናቸው፣ ጭንቅላት ከነጢሙ፣ ከጭንቅላቱ በኋላ ያለው ገላ የጫማ ማሰሪያ ነው የሚያክለው፣ ሲርባቸው እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ጠዋት ስቆጥራቸው አንዱ የለም፣ ሌላው አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ እኔ አላየሁም የሚል ይመስላል። ይሄኛው ግን ወፈረ፣ ለምን ወፈረ፣ ፀሐይ ነው ብያታለሁ ዋርሲኒን፣ እዚህ ጋ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ሁሉንም ወደዚህ አዞራቸዋለሁ፣ አየሽ አይደል፣ ይሠራል እኮ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ጎንበስ ብላ አየችው። አልሳቀችም፣ አልተናደደችም። ድሮ ቢሆን ቢያንስ ትስቅብኝ ነበር።

ፋብሪካው ሲዘጋ ነው የጀመረው፣ አይ፣ ከዚያ በፊት ነው፣ ሩዝ ሲወደድ፣ ሩዝ ተወደደ፣ ዘይት ተወደደ፣ አረንጓዴዋ የድጎማ ጋዝ ሲሊንደር ጠፋች፣ ከዚያ ተገኘች፣ ስትገኝ በሌላ ዋጋ ተገኘች፣ ይሄኔ ነው እንግዲህ ፋብሪካው በሩን ዘግቶ እኛን ሸማኔዎቹን ክቡራን ሠራተኞቻችን ብሎ ያሰናበተን፣ ክቡራን፣ ወይ ክብር። ዋርሲኒ የኤጀንሲውን ወረቀት ይዛ መጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ነፋስ እንዳይወስደው የጨው ዕቃውን ጫነችበት። አትፈርሚ አልኳት፣ ጓሮ አለን፣ ሁለት እጅ አለኝ፣ ከገበያ ሳንገዛ መኖር እንችላለን፣ እስከ ኢድ ጊዜ ስጪኝ፣ ጓሮው ካበላን ትቀሪያለሽ፣ ካላበላን ያኔ ሂጂ። እሺ የላራስ አባት አለች፣ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ደስ ያለኝ እሺ የለም።

እና ቆጠብን፣ ኧረ እንዴት ያለ ቁጠባ፣ ጋዙን ትተን በአናጢው ሰጋቱራ አበሰልን፣ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ለጎመኑ፣ የሩዙን እጣቢ ለቃሪያው፣ የሳሙና ቁርጥራጭ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ሰፍተን፣ ያደረ ሩዝ ጣሪያ ላይ አስጥተን፣ ደርቆ ሲንኳኳ እንደገና ቀቅለን፣ የዓሣ አጥንት ሳይቀር ጠብሰን እንደ ቆሎ ቆረጠምን። ባልዲዎቹ አፍ ላይ የውሃ ጎመን ተከልኩ፣ ሥሩ ውሃው ውስጥ፣ ከሥሩ አምባዛ፣ የዓሣው ቆሻሻ ጎመኑን ያፋፋል፣ ምን የመሰለ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ሰፈርተኛው ሁሉ እየመጣ ያይልኝ ነበር፣ ጎረቤቴ ትሪሞ ከአጥሩ ማዶ አንገቱን አስግጎ፣ ማርሱዲ፣ ዓሣዎችህ ቁርስ በልተዋል እንዴ፣ እኔ አልበላሁም፣ አንዱን ቀስቅስልኝማ። ሳቅን። ጎመን በላን። በማግሥቱም ጎመን በላን፣ ላራስ ከሽንት ቤት አረንጓዴ አስቀመጠኝ እማዬ ብላ ስትጠራ እንኳ ሳቅን።

መኖው ነው። ሁሉ ነገር የተበላሸው መኖው ላይ ነው። ከወረዳ የመጣችው ሴትዮ በድምፅ ማጉያ ስታስተምረን ከኩሽናችሁ የተረፈውን ጣሉላቸው፣ መኖ መግዛት አያስፈልጋችሁም አለች፣ አጨበጨብን፣ እኔ ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ፣ ቤቴ ገብቼ ከኩሽናችን የተረፈውን ፈለግሁ። ምን ተርፎ። ድስቱን ዋርሲኒ በፈላ ውሃ አለቅልቃ ጠጥታዋለች፣ የሙዙን ልጣጭ ጠብሳዋለች፣ እና እኔ ጅሉ በትርፍራፊ የሚያድግ ዓሣ ትርፍራፊ የሌለው ቤት ውስጥ አስገብቼ ቁጭ ብያለሁ። እስኪ ድስቱ ሥር ትንሽ ተይላቸው አልኳት። ለሰው ነው ወይስ ለዓሣ ነው የማበስለው የላራስ አባት፣ አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ፌስታል ይዤ ጎረቤት ሄድኩ። በጓሮ በር በኩል፣ ሰው እንዳያየኝ። የትሪሞ ሚስት ፓይነም በሩን ከፈተች፣ ለዓሣዎቼ ነው አልኩ፣ የተረፈ ነገር ካለ፣ ሩዝም ቢሆን፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች፣ ወንድሜ እኛም እኮ እናደርቀዋለን አለች፣ ቀና ስል ጣሪያቸው ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ከመንገድ በማይታይበት በኩል፣ ሰፌድ ላይ የተሰጣ ሩዝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ጣሪያ ላይ ቀረ። በየሄድኩበት ጣሪያ አያለሁ። ከመስጊድ ስመለስ፣ እንዴት አደርክ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቤተሰብስ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሰፌድ፣ እዚያም ሰፌድ፣ የሰፈር ሹሙ ቤት ሳይቀር ሰፌድ። የቆሻሻ ጋሪው ሲያልፍ ውስጡን አያለሁ፣ ላስቲክና አመድ ነው፣ የምግብ ዘር የለበትም። ሁላችንም አንድ ዓይነት ሩዝ በድብቅ እየበላን፣ ተከባብረን፣ በሰላም እንኖራለን። የሠርጉ ቀን ደግሞ፣ የመንገዱ ጫፍ ያለው ሠርግ፣ ዛሬስ ይተርፋል ብዬ ሄድኩ፣ ሴቶቹ ቀድመውኝ ድስቶቹን ወደየፌስታላቸው እየጠረጉ ነው፣ የኔን ባዶ ፌስታል ሸሚዜ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ከዚያ ዋርሲኒ ላራስን አጠበቻት። ዕለቱ ምን ዕለት ነበር፣ እንጃ፣ ዝናብ ነበር። ልጅቷን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያው ወጣች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ የጨው ዕቃውን አነሳች፣ ወረቀቱን ሳበች፣ ፈረመች። ኢድ ገና ነው እኮ አልኩ። ልጄ ከስታለች አለች። ልጅ ወደ ላይ ሲያድግ ይቀጥናል አልኩ። እኔም ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ነበር አለች። በቃ። ከእንግዲህ ባልዲ የለ፣ ኢድ የለ፣ ፈርማለች፣ ብታፈርስ የሚጠየቀው ካሣ ቤታችንን ያሸጣል።

ያዝኩህ። ቢስሚላህ፣ በቢላው ጀርባ ጭንቅላቱን፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ሆዱን እሰነጥቃለሁ፣ በአውራ ጣቴ እጎለጉላለሁ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ ነጭ ነው፣ ሩዝ። ሩዝ ነው። የተቀቀለ፣ ገና ያልሟሸሸ፣ የዛሬ ጠዋት ሩዝ፣ መሃሉ ላይ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ ቁራጭ። አይጥ ነው፣ አይጥ ይሆናል፣ አይጥ ሩዝ ወስዶ ባልዲ ውስጥ ይጨምራል እንዴ፣ አይጥ እንደኔ ጅል አይደለም። ዋርሲኒ ናት፣ አዝናልኝ፣ እንዳላፍር ብላ፣ አይ፣ ዋርሲኒ ከሰው አፍ ነጥቃ ለዓሣ አትሰጥም። ቴምፔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የበላ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኔ ነኝ የጠበስኩላት፣ ሦስት ቁራጭ፣ ለእሷ ብቻ።

ሰማያዊው ባልዲ። ደፉ። ሳህኗን ይዛ ደፉ ላይ የምትቀመጠው ማን ናት፣ እዚህ ይነፍሳል አባዬ የምትለኝ፣ ሳህኗን ጥርግ አድርጋ የምታመጣልኝ፣ ጎበዝ፣ የኔ ልጅ አንዲት ፍሬ አታስቀርም ብዬ ለትሪሞ ሳይቀር የፎከርኩላት።

ታይዋን የት ነው አባዬ ብላኝ ነበር። ጉልበቴ ላይ ነበረች። ሩቅ ነው፣ ግን እማዬ አትሄድም፣ ዓሣዎቹ ከወፈሩ አትሄድም፣ አልኳት፣ እየሳቅኩ፣ አፍንጫዋን ቆንጥጬ። ልጅ ምን ትረዳለች ብዬ ነዋ፣ ገና ጫማዋን እንኳ ግራ ቀኝ የምታምታታ ልጅ፣ ተረዳች፣ እኔ ከተረዳሁት በላይ ተረዳች፣ አንዱን መርጣ ያዘችው፣ ሁሉንም ማብላት እንደማትችል ገብቷት አንዱን መረጠች፣ ድርሻዋን ሰጠችው፣ ዓሣው ወፈረ፣ እሷ ከሳች፣ እሷ ስለከሳች እናቷ ፈረመች። እኔ ደግሞ ፀሐይ ነው እላለሁ። ፀሐይ፣ አፈር ልብላ።

ልንገራት፣ ለዋርሲኒ ልንገራት፣ ልጅሽ የከሳችው ምግብ ስላጣች አይደለም፣ ለዓሣ እየሰጠች ነው፣ እንዳትሄጂባት ብላ ነው፣ ምናልባት ትቀራለች፣ ምን ምናልባት። እስኪ በደንብ አስብ ማርሱዲ፣ ለአንዴ እንኳ በደንብ አስብ፣ ሳህኑን ሙሉ ብትበላው ትወፍር ነበር፣ አትወፍርም፣ የሳህኑን ልክ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ያሳነስኩት እኔ ነኝ፣ ለአንድ ልጅ አይበቃም ነበር፣ ለአንድ ልጅና ለአንድ ዓሣ ተካፈለ። ብነግራት ልቧ ተሰብሮ ያው ትሄዳለች፣ ባልነግራትም ያው ትሄዳለች። አልነግራትም። ዘይቱን አግላለሁ፣ የተረፈውን ዘይት ሁሉ፣ ጠብታ አላስቀርም፣ ይጩህ።

ምንጣፉ ላይ ተቀምጠናል፣ ዓሣው መሃል ላይ ነው፣ ቡናማ፣ ደረቅ ብሎ፣ ዋርሲኒ የኤጀንሲውን ጃኬት ለብሳለች፣ ትልቅባታል፣ ፀጉሯን ቆርጠውታል፣ እንግዳ ትመስላለች፣ ቤታችን ልትጠይቅ የመጣች ትሁት እንግዳ። ብዪ ላራስ። እጇን አትዘረጋም። ዓሣውን ታየዋለች፣ በሩን ታያለች፣ ተነስታ ደፉ ላይ ቆማ ባልዲውን ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። አታለቅስም። ቢያለቅሱ እኮ ሰው የሚለው ነገር አለው። አባዬ ለምን አወጣኸው፣ ትላለች፣ ገና እኮ ነው፣ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይወፍር ነበር፣ ጠዋት እንኳ ብዙ በልቷል።

ዋርሲኒ ቀና ትላለች። እኔን ታያለች፣ ደፉን ታያለች፣ የልጅቷን ክንድ ታያለች። የወለደች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያስረዷት አትጠብቅም፣ ፊቷ ላይ ሲገባት አየዋለሁ፣ ሲገባና ወደ ውስጥ ሲወርድ። እጇን ትታጠባለች፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ትፈለቅቃለች፣ በሩዝ ትጠቀልላለች፣ ታጎርሳታለች። ላራስ አፏን ትከፍታለች፣ እናቷ ናትና። ደግማ ታጎርሳታለች፣ ደግማ፣ ደግማ፣ እኔ አልነካሁም፣ እሷም አልነካችም፣ ዓሣው አለቀ። የልጅቷ አገጭ በዘይት ወዝቷል፣ ዋርሲኒ በጃኬቷ እጅጌ ትጠርግላታለች፣ በአዲሱ ጃኬት፣ ያቆሽሸዋል ልል ብዬ ዋጥኩት።

ጥሩምባ። ሾፌሩ አይወርድም፣ ይቸኩላል፣ መስኮቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ፣ እንደሷ ጃኬት፣ እንደሷ ፀጉር፣ አንዷ ፊቷን አዙራለች። ሻንጣውን እኔ ይዣለሁ፣ ቀላል ነው፣ ምን ይዛ ትሄዳለች። አጥሩ ላይ ትሪሞና ፓይነም ቆመዋል፣ ትሪሞ ዛሬ አይቀልድም፣ ቀልድ እንጂ ትሪሞ፣ አንድ ነገር በል። ዋርሲኒ ልጅቷን ታቅፋለች፣ ታስቀምጣለች፣ ወደ እኔ ትጠጋለች፣ እጄን ትስማለች እንደ ወጉ፣ ከዚያ ቀና ብላ ቀስ ብላ ትናገራለች። የላራስ አባት፣ ከእንግዲህ ቁጠባህን ተወው፣ እባክህ፣ ልጄን አብላልኝ ብቻ።

እሺ አልኩ።

በምን። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዝ ኤጀንሲው ነው የሚወስደው፣ እስከዚያ በምን፣ እሺ ግን አልኩ፣ እሺ ማለት ምን ያስወጣል። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ጥጉን ዞረ፣ አቧራው ቁጭ አለ። አሁን ነው ላራስ የምታለቅሰው፣ ትከሻዬ ላይ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ ስቅታ እስኪይዛት፣ እሽሽ የኔ እናት፣ እሽሽ፣ ምንም አትከብድም፣ ልጅ ታቅፌያለሁ ብዬ ካላሰብኩ በስተቀር ክንዴ አያውቀውም። ወደ ቤት ይዣት እገባለሁ። ስቅታዋ ይቀንሳል፣ ያቆማል፣ ስታስብ ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

አባዬ ትላለች። ማታ የእማዬን ድርሻ ማን ይበላዋል።

አንቺ እላታለሁ፣ አንቺ ትበይዋለሽ፣ ሁሉንም። እውነት፣ እውነት፣ ሁሉንም፣ ሁሉንም። ቀና ብላ ታየኛለች፣ እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግ ትላለች፣ ርቧት ኖሯል፣ ይሄን ያህል ጊዜ ርቧት ኖሯል፣ እና ጭንቅላቴ፣ ይሄ የማያርፍ ጭንቅላቴ፣ ሳልጠይቀው ይጀምራል፣ የሦስት ሰው ሩዝ ለሁለት፣ ይበቃል፣ ሳህኗ ይሞላል፣ ስንት ጊዜ ሆነው ሳይሞላ፣ ዛሬ ይሞላል፣ ነገም ይሞላል፣ እና ደስ ይለኛል፣ ሚስቴ ገና ከከተማው ሳትወጣ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኛል።